ባሌን በሳይክል ከባሌ ጋር

ዓርብ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሮቤ

የሮቤ ብርድ በማለዳ ማንንም አያስፈቅድም። በር ከፍቼ ስወጣ ባለቤቴ ተሾመ ግቢው መሀል ቆሟል። ዕድሜው ስድሳ ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ ሥጋው ላይ የተለጠፈ ጥቁር ቁምጣ፣ ከሥሩ የእኔን የሱፍ ታይት፣ ከላይ መንገድ ሠሪዎች የሚለብሱትን ዓይነት ዓይን የሚወጋ ቢጫ ጃኬት ለብሷል። ጭንቅላቱ ላይ የግማሽ ሐብሐብ ልጣጭ የሚመስል ሄልሜት ደፍቷል። የጎረቤት ውሻ በአጥሩ ቀዳዳ አየው። እንደ ወትሮው ሊጮህ አፉን ከፈተና ሐሳቡን ቀየረ።

«እንዴት ነኝ?» አለኝ።

«ታስፈራለህ።»

ያሞገስኩት መሰለውና ሄልሜቱን አስተካከለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተሾመ የግብርና ባለሙያ ነው። ወጣት ሳለ የሲናናን የስንዴ ማሳ በእግሩ ያዳርስ ነበር። ኋላ ግን ሹመት መጣ፣ ከሹመቱ ጋር ወንበር መጣ፣ ከወንበሩ ጋር ቦርጭ፣ ከቦርጩ ጋር ስኳር። ሐኪሙ ያዘዘው «በየቀኑ ትንሽ በእግርህ ተንቀሳቀስ» ብሎ ነው። ነርስ ነኝ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ተሾመ የሰማው ግን «ሳነቴን በሳይክል ተሻገር» የሚል ነው። ሳነቴ ማለት ከጎባ በላይ ያለው ጣራችን ነው፤ እዚያ ላይ መኪና እንኳ ሲወጣ ያቃስታል።

ይህ ለጎረቤት የተነገረው ነው። ለአንባቢ ደግሞ ትክክለኛውን ልንገር። ከሳነቴ ባሻገር፣ ከሐረና ጫካ ግርጌ፣ ደሎ መና የምትባል ሞቃት ከተማ አለች። እዚያ ልጃችን ፍሬሕይወት ትኖራለች። ፍሬ መሐንዲስ ነች። አዲስ አበባ ጥሩ ሥራ ነበራት፤ አባቷም በሄደበት ሁሉ «ኢንጂነሯ ልጄ» ሳይል ሻይ አያዝም ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ሥራዋን ተወችና ገመቹ የሚባል፣ የሐረናን ቡናና ማር ገዝቶ የሚነግድ ሰው አገባች። ተሾመ ሠርጓ ላይ ኬኩ ሳይቆረስ ተነሥቶ ወጣ። «መሐንዲስ አስተምሬ ለማር ነጋዴ ዳርኩ» አለ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አለፈ። አንድ ቀን አልደወለላትም። ስትደውልለትም ስልኩን ለእኔ አቀብሎ ዜና ለመስማት ይቀመጣል፤ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶም ቢሆን።

ከሮቤ ወደ መና መኪና አለ። ግን መኪና የተሳፈረ ሰው «ወዴት ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልስ ሊኖረው ይገባል። ሳይክል የነዳ ሰው ስፖርተኛ ነው። መንገዱ ልጁ ደጃፍ ቢያደርሰው ጥፋቱ የመንገዱ ነው። ተሾመ ይህን ሁሉ አስቦ ያቀደው ይመስለኛል፤ ሲጠየቅ ግን «ለጤና» ብቻ ነው የሚለው።

እኔ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ትምህርት ቤት የምንመላለሰው በሳይክል ስለነበር መንዳትን ተማርኩ ብዬ አላስታውስም። እሱ የተማረው አምና ከፋሲካ በኋላ፣ በዚሁ ግቢ፣ ጎመኔ ላይ እየወደቀ ነው። ዛሬ ግን መሪውን ይዞ እንዲህ አለኝ፤

«ከኋላዬ ተከተይኝ፤ ከከበደሽ ንገሪኝ።»

እሺ አልኩ። ለፍሬ ማታውኑ ደውዬላት ነበር። «እንደማላውቅ ነኝ» አለችኝ። እንግዲህ እሱ እንደማይሄድ ሆኖ ይሄዳል፣ እሷ እንደማታውቅ ሆና ትጠብቃለች፣ እኔ መሀል ላይ ፔዳል እመታለሁ።

ዓርብ፣ ረፋዱ ላይ፣ ወደ ጎባ

ከሮቤ ጎባ አስፋልት ነው። ግራና ቀኝ የታጨደ ስንዴ፣ የገብስ ክምር፣ አንድ ኮምባይነር መንገዱን ሞልቶ እንደ ሹም ይንቀራፈፋል። ባጃጆች ያልፉናል። ገለባ የጫኑ የፈረስ ጋሪዎች ያልፉናል። አንድ ፈረስ ሲያልፈን ዞር ብሎ ተሾመን አየው፤ በሥራ ባልደረባ ዓይን።

ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ተማሪዎች መንገድ ዳር ተሰልፈው «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ጮኹ። ተሾመ ተናደደ። የተወለደው ጎባ፣ ያደገው ጎባ፣ አያቶቹ ከመንዝ መጥተው የተቀበሩት ጎባ።

«አኒ ኢልማ ጎባ ቲ!» ብሎ ጮኸባቸው፤ የጎባ ልጅ ነኝ ማለቱ ነው።

ተማሪዎቹ በደስታ አበዱ። «ፈረንጁ ኦሮምኛ ይችላል!» እያሉ እስከ ቀጣዩ መንደር ድረስ ሮጠው ሸኙን።

ጎባ ስንደርስ ተሾመ ከሳይክሉ አልወረደም፣ ተራገፈ። «ለዛሬ ይበቃል፤ ሰውነት መልመድ አለበት» አለ። መልመድ ያቃተው የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሆነ ምሳ ቤት ስንገባ ታወቀ፤ ጃኬቱን አራት ቦታ አጥፎ ወንበሩ ላይ አነጠፈና በዝግታ፣ በጥንቃቄ፣ እንቁላል ላይ እንደምትቀመጥ ዶሮ ተቀመጠ።

አብሮ አደጉ ለማ ሲያልፍ አየንና ገባ። ለማ ጎባ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ስለዚህ የማያውቀው ወሬ የለም።

«ተሾመ! መኪናህ ተሸጠ እንዴ?»

«ስፖርት ነው።»

«ጥሩ ነው። እስከ የት?»

«ሳነቴ አካባቢ።»

«ከሳነቴ ወዲያስ?»

«እናያለን።»

«ከሳነቴ ወዲያ እኮ ሪራ ነው፤ ከሪራ ወዲያ መና። መና ደግሞ ያቺ ልጅህ...»

«አስተናጋጅ!» አለ ተሾመ ጮክ ብሎ። «ይሄ ሻይ ቀዝቅዟል!»

ከሻዩ እንፋሎት እየወጣ ነበር። ለማ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጥሩ ጣሪያ ነው።

ቅዳሜ፣ ከጎባ በላይ

ከጎባ ስትወጣ አስፋልቱ ያልቃል፣ ጨዋታውም ያልቃል። ኮረኮንች፣ አቧራ፣ አቀበት፣ ከዚያ ሌላ አቀበት። ጥዱና ኮሶው ቀስ በቀስ ቀርቶ አስታ የሚባለው ዛፍ ይተካል፤ ቅርንጫፎቹ ላይ ጢም የመሰለ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል። ሳይክል ነዳን ብዬ አልዋሽም። ሳይክሎቹን ይዘን የእግር ጉዞ አደረግን። ሐኪሙ ያዘዘውም ይኸንኑ ነበር፤ ብረት እየገፋችሁ አላለም እንጂ።

ሳነቴ ያለበት ብሔራዊ ፓርክ በር ላይ ያለው ጥበቃ ካፖርቱን አንገቱ ድረስ ቆልፎ ትኬታችንን ተቀበለና ሁለታችንንም ቁልቁል ሽቅብ አየን።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር በፍላጎት ነው?» አለኝ።

«ለእሱ በፍላጎት ነው፤ ለእኔ በጋብቻ።»

አንድ ነገር ግን ከጠዋት ጀምሮ አልጣመኝም። ተሾመ ኢንሱሊኑን ተወግቶ ቁርሱን በግማሽ ትቶታል። «ከብዶኛል» አለ። መርፌ የወሰደ ሰው ምግብ ሲተው ስኳሩ ይወርዳል፤ አቀበት ሲገፋ ደግሞ የባሰ ይወርዳል። ይህን ለስንት በሽተኛ እንደነገርኩ አላውቅም። ዳቦ አወጣሁ፤ «በኋላ» አለ። ከረሜላ ሰጠሁት፤ ኪሱ ከተተው። ለምክር የሚከፈለኝ ነርስ ነኝ፤ ቤቴ ውስጥ ግን ምክሬ በነፃ ስለሆነ መሰለኝ ዋጋ የለውም።

አናቱ ላይ ደረስን። ሳነቴ እንዲህ ነው፤ አቀበቱ ድንገት ያልቅና ምድር እንደ ጠረጴዛ ትዘረጋለች። አጫጭር ግራጫ ሣር፣ ድንጋይ፣ ሰማይ የወደቀባቸው ትንንሽ ኩሬዎች፣ ጋቢ ተከናንበው ለቅሶ የቆሙ የሚመስሉ የጅባራ ተክሎች። ከመንገዱ ዳር አንዲት ቀይ ቀበሮ የአይጥ ጉድጓድ ላይ አድፍጣለች። ቀና ብላ አየችን። ዘሯ ሊጠፋ ነው ተብሎ ዓለም የሚያለቅስላት እሷ ነች፤ ያዘነችው ግን ለእኛ ነበር።

የእኔ ሳይክል ካቴና ወለቀ። ተንበርክኬ እየመለስኩ፣ እጄ በግራሶ ተለውሶ፣ ያልተጠየቀ ጥያቄ ጠየቅኩ።

«ምን ልትላት ነው?»

«ለማን?»

«ለቀበሮዋ። ለማን ይመስልሃል?»

«እኔ የመጣሁት ለጤናዬ ነው» አለ።

«እንግዲያው እንመለስ። ጤናው በቅቶሃል፤ ከንፈርህ ጠቁሯል። ወደ ጎባ ቁልቁል ነው።»

ሳይክሉ ላይ ወጣ። ሜዳ ስለሆነ መንዳት ይችላል። ቢጫ ጃኬቱ እየራቀ፣ እያነሰ ሄደ። «ተወው ይሂድ፤ ይብረድለት» ብዬ ካቴናዬን ቀጠልኩ። እዚያ ቦታ ላይ የማይበርድ ነገር የለም።

ያኔ ነው ጉሙ የመጣው። የሳነቴ ጉም አይወርድም፤ ካለህበት ቦታ ይነሣል። የፊት ጎማዬን ማየት እስኪያቅተኝ ድረስ ነጭ ሆነ። ከዚያ በረዶው መጣ፣ ሽምብራ ሽምብራ የሚያካክል፤ እጄንና ጆሮዬን ይለበልበኛል። ተነሥቼ ነዳሁ። «ተሾመ!» እያልኩ ጮኽኩ። ድምፄ ከአፌ ሳይርቅ ይቀራል። ነዳሁ፣ ጮኽኩ፣ ነዳሁ። ቢጫ ነገር ባየሁ ቁጥር ልቤ ዘለለ፤ አንዱ የደረቀ ጅባራ ነበር፣ ሌላው የመንገድ ምልክት።

ከፊቴ ሁለት መብራት ብቅ አለ። ቀርከሃ የጫነ አይሱዙ ነው፣ ከሪራ በኩል እየመጣ። እጄን አወዛወዝኩ። ሾፌሩ መስኮቱን አወረደ፤ ጉንጩ በጫት ያበጠ ወጣት።

«አብሽሩ እትዬ፣ ምን ሆኑ?»

«ቢጫ ጃኬት የለበሰ ሰው፣ በሳይክል፣ ወደዚያ የሚሄድ አላየህም?»

«ወላሂ አላየሁም። እስከዚህ ድረስ አንድ ሰው አላጋጠመኝም።»

እሱ ካላየው ተሾመ ከፊቴ የለም። ከፊቴ ከሌለ አልፌዋለሁ። ከመንገድ ወጥቷል ማለት ነው።

«ባሌ ስኳር አለበት» አልኩት።

ሾፌሩ አብዲ እንደሚባል ኋላ ነው ያወቅኩት። ጥያቄ አላበዛም። ሳይክሌን ቀርከሃው ላይ ወረወረ፣ እኔን ጋቢና አስገባኝ፤ በሰው እግር ፍጥነት ወደመጣሁበት እየነዳ ክላክሱን ይጫናል፣ ያቆማል፣ መስኮት ከፍተን እናዳምጣለን። ምንም። እንደገና ይነዳል። እኔ በበኩሌ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዝም እንዲል የለመንኩትን ሰው አንድ ጊዜ ድምፅህን አሰማኝ እያልኩ እለምናለሁ።

ሳይክሉን አብዲ ነው ያየው። መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ በጎኑ ተኝቷል። ዘልዬ ወረድኩ። ትንሽ ራቅ ብሎ ትልቅ ጅባራ ሥር፣ እርጥብ ሣር ላይ፣ ተሾመ ተቀምጧል። በዚያ በረዶ ጃኬቱን ከፍቶታል። ላብ ከግንባሩ ይንጠባጠባል።

«ተሼ!»

ቀና አለ። ዓይኑ እኔ ላይ ነው፤ እኔን ግን አያየኝም።

«ፍሬ» አለ፣ ምላሱ እየተሳሰረ። «ብቻሽን ነው እንዴ ከትምህርት ቤት የመጣሽው?»

ስኳሩ ወርዷል። ሥራዬ ነው፤ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ። የከረሜላ ልጣጭ በጥርሴ ቀደድኩ። ወደ አፉ ሳስጠጋው ጥርሱን ገጥሞ እጄን ገፋው።

«ሂጂ! ማነሽ አንቺ?»

አብዲ ሮጦ ከጋቢናው የተጋመሰ ለስላሳ አመጣ። ጠርሙሱን አስጠጋሁ፤ በክንዱ መታው፣ ግማሹ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። «ዋጥ በል ተሼ! እኔ ነኝ!» እላለሁ። ይታገለኛል። ጉልበቱ ደግሞ ከየት እንደመጣ እንጃ፤ አቀበቱ ላይ የት ሄዶ ነበር?

ከዚያ ያደረግኩትን አስቤበት አይደለም ያደረግኩት።

«አባዬ» አልኩት።

መታገሉን ተወ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ፣ ፍሬ። ይሄን ጠጣልኝ።»

«አንቺ ጠጪው» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺ ነሽ የራበሽ።»

«እኔ ጠጥቻለሁ። ይሄ ያንተ ነው።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው አባዬ።»

አፉን ከፈተ። ክኒን ዋጥ ስለው የእያንዳንዱን ክኒን የትውልድ አገር ሳያጣራ የማይውጥ ሰው፣ እንደ ሕፃን ጠጣ። ተጎነጨ፣ ዋጠ፣ ተጎነጨ። ደግፌው ተቀመጥኩ። አብዲ የራሱን ጃኬት አውልቆ ተሾመ ትከሻ ላይ ጣለና ፊቱን አዙሮ ቆመ።

በረዶው አባራ። የተሾመ መንቀጥቀጥ ቀነሰ። ቀስ እያለ ዓይኑ ተመለሰ፤ እኔን አየኝ፣ ጅባራውን አየ፣ አይሱዙውን አየ።

«ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?» አለኝ።

«በረዶው ነው።»

አብዲ ዞረ። ፊቱ በራ። «አልሐምዱሊላህ! ጋሼ፣ አስደነገጡን እኮ። እኔ ደግሞ 'ባሌ' ያሉኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ልጅዎ ናቸው!»

አምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አፍንጫዬ ቀልቷል፣ ደረቴ ለስላሳ ጠጥቷል። በሕይወቴ ከተነገሩኝ የቁንጅና ቃሎች ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው።

«የማን ልጅ?» አለ ተሾመ።

«'አባዬ ጠጣልኝ' ሲሉዎት ነው እኮ እሺ ያሉት። 'ፍሬ' ሲሏቸው ሰማሁ። በፊትማ ማንንም አላስጠጋ ብለው ነበር።»

ተሾመ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። አብዲ የሆነ ነገር እንዳበላሸ ጠረጠረና ቀርከሃውን ማጠባበቅ ጀመረ። የላላ ገመድ አልነበረም።

«ልጫናችሁና ወደ ጎባ ልውሰዳችሁ» አለ ቆይቶ። «ሆስፒታልም እዚያ አለ።»

«እሺ» አልኩ። ሌላ መልስ የለውም።

«አልመለስም» አለ ተሾመ።

«ተሼ፣ ሞተህ ነበር እኮ።»

«ልጄ ጋ ነው የምሄደው» አለ። ለእኔም ለአብዲም አይደለም የተናገረው፤ መሬቱን እያየ ነው። «ልጄን ሳላይ አልመለስም።»

እንግዲህ ለሁለት ክረምት የጠበቅኩት ዐረፍተ ነገር ይኸው ነው፤ የመጣው ደግሞ ነርስነቴ እምቢ በይ በሚለኝ ሰዓት። ጣቱን ወግቼ ስኳሩን ለካሁ፤ ተመልሷል። ዳቦውን ሁሉ አበላሁት፣ ፍርፋሪውን ሳይቀር። ጋቢናው ውስጥ ተቀምጠን ጠበቅን፣ እንደገና ለካሁ። ጸንቷል። ወደ ሪራም ወደ ጎባም መውረድ ነው፤ መንገዱም ተቀራራቢ ነው። ከፊት እኔ እንደምሄድ፣ ብላ ስል እንደሚበላ፣ ቁም ስል እንደሚቆም አስማልኩት። ለሁሉም «እሺ» አለ። በትዳራችን ታሪክ እንዲህ ያለ ስብሰባ ተደርጎ አያውቅም።

አብዲ ሳይክሌን አውርዶ የቀረውን ለስላሳና አንድ ጭብጥ ኦቾሎኒ ሰጠን። «ጃባዳ!» ብሎ፣ በርቱ ብሎ፣ ክላክሱን እየነፋ ጉም ውስጥ ገባ።

ቅዳሜ፣ አመሻሽ፣ ሪራ

ከሳነቴ ወደ ሪራ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጫካ ይወድቃል። ከላይ በረዶ፣ ከታች ቀርከሃና ጭጋግ፣ ከቤቶቹ ጣሪያ የሚወጣ ጭስ። ፍሬናችን እንደ ሕፃን እያለቀሰ ደረስን።

ያሳደሩን አዴ ፋጡማ የሚባሉ አሮጊት ናቸው፤ የቀርከሃ ቤታቸውን ግማሽ ለመንገደኛ ያከራያሉ። «ባጋ ናጋን ዱፍተን»፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ብለው ተቀበሉንና እሳት አጠገብ ደረደሩን። የገብስ ገንፎ በቅቤ፣ ትኩስ ወተት፣ ከዚያም አንድ ሳህን የሐረና ማር ከነሰፈፉ አመጡ።

«እሱ ስኳር አለበት፤ ማር አይበላም» አልኩ።

አዴ ፋጡማ በሐዘን ተመለከቱኝ። «ልጄ፣ ማር መድኃኒት ነው፤ አላህ ራሱ ብሎታል። ስኳር የሱቅ ነው።»

ተሾመ በሙሉ ልቡ ከእሳቸው ጋር ተስማማ። የግብርና ባለሙያ ሆኖ ይህን ምርምር አለመስማቱ ቆጨው። አንድ ጣት አስቀመስኩት።

«ወዴት ናችሁ ታዲያ?» አሉ።

«መና» አለ ተሾመ። «ልጃችን ጋ።»

«ማሻአላህ! ስንት ወልዳለች?»

ተሾመ አፉን ከፈተና ወደ እኔ ዞረ። አያውቅም ነበር። የገዛ ልጁ ትውለድ አትውለድ ከእኔ ፊት ላይ ለማንበብ ይሞክራል።

«ገና ናቸው» አልኩ።

«ኢንሻአላህ ይሰጣታል» አሉ አዴ ፋጡማ። ተሾመ «አሜን» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ፤ ከዚያ በኋላ እስኪተኛ ድረስ አንድም ቀልድ ተናግሬ ላስቀው አልቻልኩም። ማሩንም አልጠየቀም።

እሑድ፣ ሐረና

ጫካው ሙሉ ቀን ያህል ረዘመብን። ግዙፍ ዛፎች በሽበት ተሸፍነዋል፣ ጉሬዛዎች ከላይ ነጭ ጅራታቸውን አንጠልጥለው ያዩናል፣ በየሥሩ ቡናው ማን እንደተከለው ሳይታወቅ በራሱ በቅሏል። በወረድን ቁጥር ልብስ እናወልቃለን። ሹራብ፣ ሁለተኛ ሹራብ፣ በመጨረሻ የእኔ ታይት ከቁምጣው ሥር ወጥቶ ሳይክሉ ኋላ ላይ እንደ ባንዲራ ተውለበለበ።

እንደ ውላችን እኔ ከፊት ነኝ። ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። ተሾመ ንግግር ይለማመዳል።

«ውድ ልጄ፣ በመጀመሪያ ደረጃ... አይ። ውድ ልጄ፣ ባለፈው ጊዜ የተፈጠረውን ክፍተት በተመለከተ...»

ሳይክሌን አቆምኩ። «ክፍተት?»

«አንቺ መንገድሽን እዪ!»

እሺ ብዬ ነዳሁ። ከኋላዬ «ከአባትነት አንጻር ሲታይ» የሚል ሰማሁ። ከዚያ «ያሉ ተግዳሮቶች» የሚል ሰማሁ። ልጅቷ ይህን ሰምታ በሪፖርት እንዳትመልስለት ፈራሁ።

ጫካው አልቆ መና ከሩቅ ስትታይ ደግሞ ፍጥነቱ ወደቀ። ጎማው የተነፈሰ መሰለው፤ ወርዶ ነካው፣ ደህና ነው። ጠጠር ጫማው ውስጥ ገባ፤ አውልቆ አራገፈ፣ የለም። ከተማው መግቢያ ላይ ፀጉር ቤት ሲያይ «እንዲህ ሆኜማ አልገባም» አለ። ሞቀኝ፣ ጠማኝ፣ ሁለት ሳይክል ይዤ ፀሐይ ላይ ቆሜ ባሌ ጺሙን እየተላጨ ጠበቅኩት። ሲወጣ እንደ ሙሽራ ያበራል። ከአንገት በላይ። ከአንገት በታች ያው ቢጫ ጃኬት፣ ያው ጭቃ።

እሑድ፣ ከሰዓት፣ ደሎ መና

የፍሬ ቤት ሰፊ ግቢ ነው። የሽቦ አልጋዎች ላይ ቀይ ቡና ተሰጥቷል፣ ጥግ ላይ የማር ጀሪካኖች ተደርድረዋል፣ ከግቢው በስተኋላ ቁልቁለቱ ላይ ባሉት ዛፎች ቀፎዎች ተሰቅለዋል። የውሃ መውረጃው በድንጋይ ተገንብቶ ቀጥ ብሏል፤ የቡና ማጠቢያ ገንዳዎቹ ደረጃ በደረጃ አንዱ ወደ ሌላው ይፈስሳሉ። ተሾመ በር ላይ ቆሞ ገንዳዎቹን አየ። ማን እንደሠራቸው አልጠየቀም። ማንም አልነገረውም።

ገመቹ ከቡናው መሀል ብቅ አለ። አማቱን ሲያይ መሬት ሊነካ ጎንበስ አለ። «እንኳን ደህና መጡ አባባ» አለ።

ፍሬ በቦቲ ጫማ፣ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች ወጣች። ቆመች። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ የምታውቅ ልጅ፣ እንደማላውቅ ነኝ ያለች ልጅ፣ ፊቷ ግን ምንም መደበቅ አልቻለም።

ተሾመ ሳይክሉን በሁለት እጁ ጨብጦ እንደያዘ ነው። ንግግሩ፣ ክፍተቱ፣ ተግዳሮቱ የት እንደገባ አላውቅም። ሐረና ውስጥ ወድቆ ይሆናል።

ፍሬ ቀርባ መጣች። መሪውን ያዘች። ሳይክሉን ከእጁ ወስዳ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። የአባቷ እጆች አየር ላይ ቀሩ፤ የሚይዙት ጠፋቸው። ተመልሳ ፊቱ ቆመችና አንገቷን ደፋች። እጆቹ ራሷ ላይ አረፉ።

«ከሳህ አባዬ» አለች፣ ከሥር።

«መንገዱ ነው» አለ።

«ግባ፣ ፀሐይ ላይ አትቁም።»

«ጫማዬ ጭቃ ነው።»

«የእኛም ጭቃ ነው። ግባ።»

ገቡ። ገመቹ ተከትሏቸው ገባ። ባሕር ዳርን ያህል አገር በሳይክል እየዞረች ያደገች፣ አንድ ባል ከሞት ያስመለሰች፣ ፀጉር ቤት ደጃፍ ሁለት ሳይክል ይዛ የቆመች ሴት ግቢው መሀል ለብቻዋ ቀረች። ሰላም ያላትም የለም። ቡና የተሞላ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬን ፈታሁ።

ከውስጥ የብርጭቆ ድምፅ መጣ። ከዚያ የተሾመ ጉሮሮ ጠረግ ጠረግ።

«ገመቹ» አለ። የልጁን ባል በስሙ ሲጠራው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። «እነዚያ ቀፎዎችህ፣ ባህላዊ ናቸው ወይስ ዘመናዊ?»

«ባህላዊዎቹ ይበዛሉ አባባ።»

«ስህተት ነው። ነገ ጠዋት ወስደህ ታሳየኛለህ።»

«እሺ አባባ።»

«ከነገ ወዲያም የታችኞቹን።»

ጫማዬን ትቼ በባዶ እግሬ ገባሁ።